እናቴን ስፒል አይወጋትም

እናቴን ስፒል አይወጋትም ነበር። ይህን ወሬ በሰፈር ልጆች መሃል የነዛሁት እኔ ነኝ፤ ያላመነኝ በሱቃችን መስኮት ላይ አፍንጫውን ደፍጥጦ በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ፈቅጃለሁ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኛ እግር ሥር ተንበርክካ የቀሚስ ጠርዝ ስታስተካክል ስፒሎቹን እንደ ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች በከንፈሯ አትይዝም። ግራ ደረቷ ላይ ትሰካቸዋለች። እንዲሁ ቀሚሷን ወጋ አድርጋ አይደለም፤ እስከ አናታቸው ጥልቅ ታደርጋቸውና አንድ በአንድ እየነቀለች ትሠራለች። ፊቷ ቅጭም እንኳ አይልም። አንዳንዴ ትረሳቸውና ከነስፒሏ ዕቃ ታጥባለች፣ ከነስፒሏ ከጨርቅ ሻጩ ጋር ትጨቃጨቃለች። ፀሐይ ስታርፍባት ደረቷ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ኒሻን የተሸለመ ወታደር ነው የምትመስለው።

«ደም የላትም እንዴ?» አለኝ አንዱ።

«አላት። ግን ወፍራም ስለሆነ ስፒል አይደፍረውም» አልኩት።

ወፍራም የሚለውን ቃል በኩራት የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ገላዬ ግን ከዕድሜዬ ቀድሞ ነበር የሚሄደው። ትምህርት ቤት ስሜ ዱባ ነው። አስተማሪዋ ትክክለኛ ስሜን ስትጠራ እኔ ዝም ስል ልጆቹ «ዱባ፣ ተጠርተሻል» ብለው ያስታውሱኝ ነበር። ከሱቃችን አጠገብ የሚሠራው ጫማ ሰፊም «ዱባዬ» ነበር የሚለኝ፤ እሱ ግን የራሱ ምክንያት ነበረው። «ወፍራም ሰው ለእኛ ሙያ በረከት ነው፤ ሶሉን ቶሎ ይጨርሳል» ይላል። እናቴ ደግሞ እንደማንኛውም እናት «ሆዴ» ትለኛለች። ሌላው ልጅ እንዲህ ሲባል ይሽኮረመማል፤ እኔ ቁልቁል አይቼ ሆዴን እሰበስባለሁ።

አንድ ከሰዓት ሱቁ ባዶ ሲሆን ከስፌት መኪናው አጠገብ አንድ ስፒል አነሳሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እሷን ካልወጋት እኔ ልጇ ነኝ፣ ሥጋም ከሷ የበለጠ አለኝ። ሹራቤን ገልቤ ሆዴ ላይ ሰካሁት። ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ጫማ ሰፊው ነበር። ምን ሆንሽ ሲለኝ «ጉንዳን ነው» አልኩት። የእናቴ ሥጋ የሚረባው ዓይነት፣ የኔ ግን ዝም ብሎ የሚያመው ዓይነት መሆኑን ያን ዕለት ደመደምኩ።

መክበዴን ያወቅኩት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ እናቴ ለሥራ ርቃ ሄዳ የተመለሰች ዕለት። ለሥራ መሄዷን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ። እናቴ እስክትመለስ እሷ ዘንድ ተቀመጥኩ። አክስቴ ወጥ ቤት ገብታ ያልተቃጠለ ነገር ይዛ ወጥታ አታውቅም፤ ዳቦ መግዛት ግን ትችላለች። ስለዚህ ዳቦ በላሁ። በማርማላታ፣ በሻይ፣ እንዲሁም ባዶውን። እናቴ የመጣች ቀን ከበሩ ሮጬ ዘልዬ ልጠመጠምባት ስል በክንዷ ከአየር ላይ መለሰችኝ።

«ቀስ! ቀስ በይ ልጄ፣ ከብደሻል!»

ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። አክስቴ ከኋላ ይዛ ጎተተችኝና «አትነካኪያት ብዬሽ አልነበር?» አለችኝ። በልቤ ዳቦውን ረገምኩት።

ከዚያ ወዲህ በግራዋ በኩል አታስጠጋኝም። አልጋ ላይ በቀኟ ነው የምተኛው፣ መንገድ ላይም በቀኟ ነው የምሄደው። ሱቁ ውስጥ ያለውን የደንበኞች ቁመት መስታወት ደግሞ ደንበኛ ሲወጣ ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች። ራሴን አይቼ እንዳላዝን ነው ብዬ አሰብኩ። እናት አይደለች እንዴ?

የመጣችው ከሆስፒታል ነበር። ዛሬ በዚያው የስፌት መኪና ላይ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ነው የተቀመጥኩበት። ከቀሚስና ከመጋረጃ ሌላ፣ ጡት ማስያዣ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ የጥጥ ትራሶች እንሠራለን። የሚያሠሩን ሴቶች ሲያዙ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሲረከቡ ቦርሳቸው ውስጥ ቶሎ ይከቱታል። የመጀመሪያዋን ትራስ እናቴ የሰፋቻት ለራሷ ነው። ቀላል ሆና ወደ ላይ እንዳትሸሽባት ያረጁ የልብስ ቁልፎች ከታባታለች። ስፒሉ የሚገባው እዚያች ትራስ ውስጥ ነበር።

ይህን ያኔ የሚያውቁት እናቴና አክስቴ ብቻ ነበሩ። እኔ የማውቀው እናቴን ስፒል እንደማይወጋትና እኔ ከባድ መሆኔን ነበር።

በዚያው ዓመት አክስቴ ልታገባ ሆነ። ሙሽራው ዝምተኛ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ የሚናገሩለት እናቱ ናቸው። እሳቸው እንዳሉት ሦስት ልጆች አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው፣ አበባ ይዘው፣ በአንድ ረድፍ ከሙሽሪት ፊት ይሄዳሉ። ሁለቱ የሙሽራው የእህት ልጆች ናቸው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ አክስቴ «እሷ ከሌለች አላገባም» ብላ ገና ድሮ ቃል ገብታልኝ ነበር። ሁለቱ ልጆች ሲበዛ ቀጫጭን ናቸው። አንዷን ክር፣ አንዷን መርፌ አልኳቸው። ዱባ የሚባል ሰው ስም የማውጣት መብት አለው።

ልክ ልንለካ ሱቁ ውስጥ ቆምን። እናቴ ልክ ስትወስድ ቁጥሩን ጮክ ብላ አትናገርም። «ቁጥር የሚጮኸው ገበያ ነው» ትላለች፤ ሜትሩን ታነብና አውራ ጣቷን ለአፍታ ጫን አድርጋበት በልቧ ትይዘዋለች። የሙሽራው እናት ግን ወገቤ ላይ ያለውን ሜትር ሊያነቡ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ስንት ሆነ?»

«በቂ ሆነ» አለች እናቴ፤ ሜትሩንም ጠቀለለችው።

«አይ፣ ለፎቶው ብዬ እኮ ነው። ሁለቱ እኩያ ናቸው። ይቺኛዋ ግን ሞላ ስላለች ረድፉን ታበላሸዋለች። ፎቶ ደግሞ ያወፍራል።»

«ካወፈረ እነሱንም ያወፍራቸዋላ፤ እኩል እንሆናለን» አልኩ።

«አፏም ሞልቷል» አሉ የሙሽራው እናት።

ቀሚሶቹ ከተቆረጡና ከተሰፉ በኋላ ደግሞ መጡ። ውሃ ሰማያዊ ሳቲን ነበር፤ ሲነካ እንደ ዓሣ ይሾልካል። የኔን ቀሚስ ብቻ መርጠው ገለበጡትና በጎንና ጎኑ የተተወውን ትርፍ ጨርቅ በሁለት ጣታቸው አንጠለጠሉት።

«ይሄ ሁሉ ትርፍ ውስጡ ምን ይሠራል? ቆርጠሽ ጣይውና አጥብቢው። ልብሱ ከጠበበ ገላዋም ይከተላል።»

«ልጅ ያድጋል እኮ» አለች እናቴ። «ትርፍ የማይተው ልብስ ሰፊ ነገ የማይመጣ ይመስለዋል።»

«ወደ ላይ ካደገችስ ጥሩ ነበር!» ብለው ሳቁ። አክስቴም ለአማቷ ስትል አብራ ሳቀች። ከዚያ አየችኝና ሳቋን በሳል ቀየረችው።

ለራሷ እናቴ ደመቅ ያለ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍታ ነበር። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ድርብርብ ጨርቅ ተንዠርግጎበታል። ጫማ ሰፊው አይቶት «እትዬ፣ ይሄስ ደረት ሳይሆን መስኮት ነው የሚያስፈልገው» አላት። እሷ «መንገድህን ቀጥል» አለችው። እኔ ግን በጣም ወደድኩት። እሷን የሚያህል ቆንጆ ስለሌለ ብዙ ጨርቅ የሚገባት መሰለኝ።

ያን ዕለት የሙሽራው እናት ከሄዱ በኋላ፣ ሱቁንና መኝታችንን ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እንደሚሠራ ሰው ደብተር ገልጬ ነበር። ጆሮዬ ግን ማዶ ነው።

«ታዲያ ለልጅቱ ለምን አትነግሪያትም?» አለች አክስቴ።

«ምን ብዬ?»

«እንዳለ ነዋ። ሁሌ ስትደብቂ ልትኖሪ ነው?»

የስፌት መኪናው ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ።

«እኔ ራሴ ገና ማየት አልቻልኩም» አለች እናቴ።

«እስካሁን?»

«እስካሁን። ዓይኔ ይሸሻል። ልልመድ ብዬ እነሳለሁ፣ ከዚያ ዞር እላለሁ።»

«ይለመዳል እትዬ።»

«አንቺ ምን አለብሽ፣ ባል አግብተሽ ትሄጃለሽ። ከዚህ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። በዚያ ቤት ከእናቴ ጋር የምንኖረው እኔና ድመቷ ነን፤ ድመቷ ደግሞ ቆንጆ ናት። ስለዚህ ማንን ማየት እንዳልቻለች ለመገመት ብዙ አልደከምኩም። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ፤ መስታወቱ፣ በግራ በኩል አለመጠጋቱ፣ «ከብደሻል» ያለችኝ። እየተጠነቀቀችልኝ ኖሯል።

ስለ ገዛ ሰውነቷ ነበር የምታወራው። በልብሷ ላይ ውሃ እያፈሰሰች፣ ካስፈለገም ዓይኗን ጨፍና እንደምትታጠብ አክስቴ የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን ያ አልነበረም የታየኝ። ከሠርጉ በፊት እናቴ ልታየው የምትችለው ሰው መሆን ነበረብኝ። እንዴት እንደሚሆንም የሙሽራው እናት አስቀድመው ተናግረዋል።

በማግስቱ እናቴ ክር ልትገዛ ስትወጣ ቀሚሴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ በላዩ ክር ያልኳት ልጅ የምትለብሰውን አነጠፍኩበት። የኔው በሁለቱም ጎን እንደ ጆሮ ተርፎ ወጣ። በጠመኔ ዙሪያውን አሰመርኩ። ቀጥ ያለ ስፌት እናቴ አስተምራኝ ነበር፤ ክብ ነው የማልችለው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ወደ ፔዳሉ አንጠራርቼ በመስመሩ ላይ ነዳሁት። ከዚያ ትልቁን መቀስ አነሳሁ። ትልቁ መቀስ ክልክል ነው፤ ሳቲን ሲቆርጥ የሚያወጣው ድምፅ ግን ደስ ይላል፣ ሰው ጆሮ ሥር ሹክ እንደሚል። ትርፉን ከሥሩ ቆረጥኩት። ቁርጥራጮቹን ጫማ ሰፊው የቆዳ ፍቅፋቂ በሚያጠራቅምበት ጆንያ ውስጥ ከተትኩ፣ ማንም አይፈልጋቸውም ብዬ። ቀሚሱን መስቀያው ላይ መለስኩና ገላዬ እስኪከተል መጠበቅ ጀመርኩ።

ምሳ ሰዓት «ጠግቤያለሁ» አልኩ። እናቴ ደንግጣ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች።

ዓርብ ረፋድ ላይ የመጨረሻውን ልክ ለማየት ጠራችኝ። ሠርጉ እሁድ ነው። ቀሚሱ በጭንቅላቴ ገባ፤ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። እናቴ ትንሽ ሳብ አደረገችው። አልወረደም። እጆቼ ወደ ላይ እንደተሰቀሉ፣ ፊቴ ሳቲኑ ውስጥ እንደተሸፈነ ቀረሁ። እዚያ ውስጥ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው። የገዛ ትንፋሼ እየተመለሰ ፊቴን ይመታኛል።

«ትንፋሽሽን ሳቢ» አለች። ሳብኩ። ገላዬ አልተከተለም።

ጣቶቿ ጎኔ ላይ ስፌቱን ይዘው ወረዱ። ትርፉን ፈለጉ። ወደ ላይ ወጡና እንደገና ወረዱ። ከዚያ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ የጫማ ሰፊው ድምፅ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ሰማይ የናንተ ነው? ከቆዳዬ መሃል ነው ያገኘሁት።»

ጣቶቿ ጎኔ ላይ ቆሙ።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ልብሱ ከጠበበ ገላ ይከተላል። ከዚያ አንቺም ታዪኛለሽ።»

«ምን አልሽ?»

«ለአክስቴ ነግረሻታል። ማየት አልቻልኩም ብለሻል። ሰምቻለሁ።»

«እኔ... እኔ ሙጫ እሳት ላይ ጥጃለሁ» አለ ጫማ ሰፊው፤ በሩ ተዘጋ።

እናቴ ምላጭ አምጥታ ስፌቱን ከብብቴ ጀምራ ፈታችው። ወደ ብርሃኑ ወጣሁ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ በውስጥ ልብሴ። እመታለሁ ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመታችኝም። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አየችኝ። ከፀጉሬ ጀምራ እስከ እግሬ ጣት ወረደች፣ ደግሞ ወጣች። ዓይኗ አልሸሸም። ሆዴ ላይ ስትደርስ ስፒል የወጋሁበትን ትንሽ ጠባሳ አየችና በአውራ ጣቷ ጫን አለችበት፤ ልክ ሜትር ላይ እንደምታደርገው።

«ስለ አንቺ አልነበረም» አለችኝ።

«ታዲያ ስለ ማን ነበር?»

የተፈታውን ቀሚስ ከወለሉ አነሳች። ድመቷ ትሆን እንዴ ብዬ ዞሬ አየኋት።

አክስቴ መጥታ የተፈታውን ቀሚስ ስታይ ራሷን ያዘች። «ወይኔ ሠርጌ! ወይኔ ጉዴ! አማቴ ምን ይሉኛል?» ሮጣ ወደ ጨርቅ ሻጩ ሄደች፤ ሮጣ ተመለሰች። ያ ሳቲን አልቋል፤ ሌላ ጥቅልል የሚመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አለች፣ እኔን ሳታይ። «እሷ ትቅር። ሁለቱ ይበቃሉ። እንዲያውም ለሷም ሳይሻል አይቀርም። ሰው መሃል ከምትሳቀቅ...»

መቅረት ከባድ አይመስለኝም ነበር። ስትለው ግን የተፈታውን ቀሚስ ጫፍ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ።

«አትቀርም» አለች እናቴ።

«በምን ጨርቅ?»

እናቴ ተነስታ የራሷን ደማቅ ሰማያዊ ቀሚስ ከመስቀያው አወረደች። ጭኗ ላይ ዘረጋችውና ከደረቱ ላይ የተንዠረገገውን ድርብርብ ጨርቅ በምላጭ መፍታት ጀመረች፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

«እትዬ፣ አይሆንም» አለች አክስቴ። ስለ ሠርጓ ማለቃቀሷን ተወች። «እሱ ከሌለ ምን ልትለብሺ ነው?»

«ቀሚሱን።»

«ያስታውቃል እኮ።»

«ያስታውቅ።»

«ሰዉ ሁሉ እዚያ ነው የሚሆነው! የሱ ዘመዶች፣ እናቱ...»

«አንቺ ሙሽራ አይደለሽም እንዴ?» አለቻት እናቴ፣ ቀና ሳትል። «ሂጂና ጥፍርሽን ቀቢ።»

የሚያስታውቀው የኔ መቁረጥ መሰለኝ። ከደረቷ የተፈቱት ሁለት ጨርቆች እንደ ሰፋፊ ሰንበር ሆነው በጎንና በጎኔ ገቡልኝ፣ ከብብቴ እስከ ጉልበቴ፤ ውሃ ሰማያዊው ላይ ደማቁ። ከውስጥም ትርፍ ተወችላቸው። እናቴ መቼም ሰው አትሰማም።

እሁድ ጠዋት ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። እናቴ ቀሚሷን ለብሳ ቆማ ነበር። ያ ሁሉ ጨርቅ የወረደለት ቀሚስ ደረቱ ላይ ልሙጥ ነው። ትራሷን ለማስገባት ሞክራ ነበር፤ በስሱ ጨርቅ ሥር ተንሸራታ፣ ተጣማ፣ ጉብ ብላ ስለታየች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጥላታለች፤ ከነስፒሎቿ። ትራሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ እናቴን አየሁ። ቀኟ እንደ ሴት ነው። ግራዋ እንደ ጠረጴዛ ዝም ብሎ ወርዷል።

ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ፤ በተሳሳተ በኩል።

«ስፒሉ ነው የጨረሰው?» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አልጋው ላይ ዝርፍጥ ብላ ሳቀች፣ ዓይኗ እስኪረጥብ ድረስ። ከዚያ ሳቁ ሄደ፣ እርጥበቱ ብቻ ቀረ።

«ስፒል አይደለም። አሞኝ ነበር። አክስትሽ ዘንድ የነበርሽ ጊዜ ሐኪሞች ቆረጡት።»

ቆረጡት። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ትርፍ ነበር?»

እናቴ ዓይኗን በእጇ ጠረገች።

«አይ» አለች። «ትርፍ አልነበረም። የራሴ ነበር።»

መዳፏን አዲሱ ሰንበር ላይ፣ ጎኔ ላይ አሳረፈች። «ይሄም» አለች። ከዚያ ተነስታ ሊፒስቲኳን መፈለግ ጀመረች።

የዚያ ቀን ፎቶ ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። እውነት ለመናገር የሙሽራው እናት ተሳስተው አልነበረም፤ ረድፉ እኩል አይደለም፣ ፎቶም ያወፍራል። አሁንም ወፍራም ነኝ፤ ሰው ሁሉ የሚመክረኝ አለው፣ ሳልጠይቀው። እናቴም በአንድ ቀን ዳነች ማለቴ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ትራሷ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። መስታወቱም እንደዞረ ብዙ ቆየ። ይሁንና ያቺ እሁድ የራሷ ቀን ነበረች።

አዳራሹ በር ላይ ደረጃ አለ። የሙሽራው እናት ክርንና መርፌን አሰልፈው አበባቸውን ያቃናሉ። እኔን ሲያዩ ቅንድባቸው ወደ ላይ ተሰቀለ።

«ይሄ ደግሞ የምን ጉድ ነው? ሁለት ቀለም የተቀጣጠለ...» ብለው ለእናቴ ሊናገሩ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ደረቷ ላይ ወደቀ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ መልሰው ግራውን። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

«ጨርቁ ከኔ ቀሚስ የወጣ ነው» አለች እናቴ። «ይጨርሱት እንጂ፣ ምን ሊሉ ነበር?»

«አይ... ቀለሙ... ይስማማታል» አሉ፣ ወደ አበባው ተመልሰው። አበባው ምንም አላጠፋም፣ ግን ሁለቴ አቃኑት።

እንግዳው በደረጃው ይወጣል። ሴቶቹ እናቴን ይስሟታል፤ ሲስሟት ዓይናቸው ቁልቁል ይወርዳል፣ ቶሎ ይመለሳል፣ ከዚያ ስለ አየሩ ያወራሉ። አንዷ ከሩቅ ሌላዋን በክርኗ ነካች። እናቴ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እጇ ግን ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሊያነሳ ይጀምርና ይመለሳል።

ሄጄ በግራዋ በኩል ቆምኩ። ደረጃው ላይ አንድ ከፍ ብዬ፣ ትከሻዬን ነፋ አድርጌ፣ ሆዴንም ሳልሰበስብ። በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው የሚያየው እኔን ብቻ ነው። ክር ብትሆን ከመርፌ ጋር ተደምራም አትጋርድም ነበር።

ወደ ታች አየችኝ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየጋረድኩሽ።»

«ሊጀመር ነው። ሂጂ፣ ረድፍሽ ውስጥ ግቢ።»

«አክስቴ እነሱ አሏት። አንቺ ማንም የለሽም።»

አንድ ወፍራም ሰውዬ አልፎን ሲገባ እናቴ ጨበጠችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ጋ መጣች።

«ያንን ጨርቅ በገዛ እጄ ነው የፈታሁት። ሌላ መሸፈኛ ብፈልግ ኖሮ አልፈታውም ነበር።»

«ትፈሪያለሽ?»

«በጣም» አለች። «አንቺስ?»

«በጣም።»

«በይ እንግዲህ።»

ትከሻዬን ያዘችና ወደ በሩ አዞረችኝ። በግራ እጇ ነበር።

ሙዚቃው ተጀመረ። የሙሽራው እናት ከዳር ሊያቆሙኝ ሲሉ አክስቴ ከቬሏ ሥር «መሃል! መሃል ትግባ፣ አለዚያ አልንቀሳቀስም!» አለች። መሃል ገባሁ። ክር በአንድ በኩል፣ መርፌ በሌላ በኩል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወንበሩን እያንቋቋ ወደ እኛ ዞረ። እኔን ይሁን ከኋላችን ከሙሽሪት ጎን የምትመጣውን እናቴን የሚያየው፣ ዞሬ አላጣራሁም። አበባዬን ይዤ፣ ጎንና ጎኔ ላይ ያለው ደማቅ ሰማያዊ ከእርምጃዬ ጋር እየተገለጠ እየተከደነ፣ ፊት ለፊቴን እያየሁ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መሃል መንገድ ላይ፣ እስከ ሆዴ ድረስ በረጅሙ ተነፈስኩ። ቀሚሱ አልያዘኝም።